ከምጣዱ እስከ ጣና፦ ጎንደር ታዳሽ ኃይልን በምን ሒሳብ ታስተዳድር?

በምንኖርበት ግቢ፣ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሠፈር፣ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ማድ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ምጣድ አላቸው። አንዱ ከግድግዳው ሶኬት ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሆን፣ ሌላው ከጎኑ በጭቃ ምድጃ ላይ የተጣደ፣ ጭራሮና ኩበት ተዘጋጅቶለት ተራውን የሚጠብቅ የሸክላ ምጣድ ነው። አክምባሎው ተከድኖ፣ እንጀራው ገና ዓይን ሳያወጣ መብራት የሚሄድበት ቀን ጥቂት አይደለምና የጭቃውን ምድጃ የማፍረስ ሐሳብ ኖሯቸው አያውቅም። ለምን እንደማያፈርሱት አንድ ቀን ብጠይቃቸው «ሊጥ አንዴ ከቦካ ቀጠሮ አይቀበልም» አሉኝ።

ስለ ታዳሽ ኃይል የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በሜጋዋት ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም እንዳለው ልጅ አዋቂው ያውቃል፤ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላዩ ከውኃ የሚመነጭ መሆኑም በኩራት ይጠቀሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ በአንድ የጎንደር ቤት ውስጥ በሳምንት የሚጠፋውን ኃይል ደምሮ ለሚያይ ሰው፣ ከአምፖሉም ከቴሌቪዥኑም ከስልኩም ይልቅ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምጣዱ ነው፤ በገጠሩ ደግሞ ያ ምጣድ ዛሬም የሚግለው በእንጨት፣ በኩበትና ከአዝመራ በሚተርፈው አገዳ ነው። ስለዚህ የታዳሽ ኃይልን ሀብት ለመረዳት ከግድቡ ግርጌ ይልቅ ከምድጃው ሥር መነሳት ይሻላል ባይ ነኝ።

ቃሉ ራሱ ያሳስታል። «ታዳሽ» ሲባል ብዙ ሰው የማያልቅ፣ ያለ ልክ የሚቀዳ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን መታደስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውም እንደ ምንጩ ይለያያል። ፀሐይ በየማለዳው፣ ወንዝ በየክረምቱ፣ ባሕር ዛፍ በ5 ወይም በ6 ዓመት፣ ወይራና ጽድ በሰው ዕድሜ ይታደሳሉ፤ ታጥቦ የሄደ አፈር ግን በልጅ ልጅ ዘመንም አይመለስም። ስለዚህ ስለ አንድ ምንጭ ሦስት ጥያቄዎችን ሳይጠይቁ ታዳሽ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፦ በዓመት ምን ያህል ይገባል? በየትኛው ወር ይገባል? በማይገባበት ወርስ በየትኛው ጎተራ ተቀምጦ ይጠብቀናል? ገበሬ እህሉን የሚያስተዳድረው በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው፤ እስከ መኸር የሚያደርሰውን ሳይሰፍር በጥር ድግስ የሚደግስ ገበሬ የለም፤ ቢኖርም ጎረቤቶቹ ያውቁታል። በእኔ ግምት በጎንደርና በዙሪያዋ ያለው የኃይል ችግር በዋናነት የመጀመሪያው ጥያቄ ችግር አይደለም፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ነው።

እንጨትና አፈር

እንጨት ከታዳሽ ምንጮች ሁሉ አንጋፋው ነው፤ ሲያልቅ ምን እንደሚሆንም ታሪካችን ያውቀዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት ሠፈራቸውን ከቦታ ቦታ ያዛውሩ ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ በሰፈሩበት አካባቢ ያለው ማገዶ ማለቁ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቋሚ መዲና አድርገው ሲቆረቁሩ ይህ ልማድ ቀረ፤ የማገዶው ጥያቄ ግን አልቀረም። ከተማው ወደ እንጨቱ መሄዱን ሲያቆም እንጨቱ ወደ ከተማው ይመጣ ጀመር፤ ከዓመት ዓመትም የሚመጣበት መንገድ እየራቀ ሄደ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከመነቀል እንዳዳናት ይነገራል። በጎንደር ዙሪያም ዛሬ ወደ ማድ ቤት ከሚገባው እንጨት ጥቂት የማይባለው ከገበሬው ጓሮ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀሉን ዛፍ በብዛት ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ መሄድ ይኖርበታል።

እንጨት ሲመናመን የሚተካው ኩበት ነው። እበቱ በእጅ ተጠፍጥፎ፣ በድንጋይ አጥር ወይም በሜዳ ላይ በፀሐይ ደርቆ፣ ክምሩ ለክረምት ይከደናል። ሙያው ቀላል አይደለም፤ በደንብ ያልደረቀ ኩበት ቤቱን በጭስ ሞልቶ የሰው ዓይን ያጠፋል እንጂ ምጣድ አያግልም። ከሙያው በላይ ግን ሒሳቡን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በኩበት የተጋገረ እንጀራ የተጋገረው ማሳ ላይ መውደቅ በነበረበት ፍግ ነው። ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ለአፈሩ ልስላሴ የሚሰጠው ብስባሽም ይቃጠላል፤ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። ያን የጎደለ ለምነት ለመመለስ ገበሬው በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዩሪያ ለማግኘት ይሰለፋል። በሌላ አነጋገር፣ የማገዶ ዋጋ በማገዶ ገበያ ላይ ሙሉ በሙሉ አይታይም፤ ከፊሉ የሚከፈለው በማዳበሪያ መልክ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ከሰል ደግሞ የባሰ አባካኝ ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚነድ የተለመደ የከሰል ጉድጓድ 1 ኪሎ ግራም ከሰል ለማግኘት ከ5 ኪሎ ግራም በላይ እንጨት ይፈጃል፤ የከተማው ሰው ጭስ የለውም ብሎ የሚወደው ከሰል ጭሱን ገጠር ጥሎ የመጣ ነው። የተራቆተው ዳገት በሐምሌ ዝናብ ይታጠባል፤ የታጠበው አፈርም ወደ አንገረብ፣ ወደ ቀሃና ወደ መገጭ ይወርዳል። ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ከተፋሰሱ በሚመጣ ደለል የመያዝ አቅሙ እያነሰ መሄዱ ለጎንደር ሰው አዲስ ወሬ አይደለም፤ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። መገጭም ደለሉን ተሸክሞ ጣና ይገባል። ስለዚህ «የእንጨት ችግር» እና «የውኃ ችግር» እያሉ ለሁለት ቢሮ ማካፈል ለሥራ ክፍፍል ይመች ይሆናል እንጂ ችግሩን አይገልጸውም። ዛፉ፣ አፈሩና ግድቡ በአንድ መዝገብ የሚመዘገቡ ናቸው፤ ከአንዱ ዓምድ የተነቀለው በሌላው ዓምድ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል።

እንጨት በእርግጥ ታዳሽ ሆኖ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዊ ዞን በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ከሰብል ጋር እያፈራረቁ ይተክላሉ፤ ከ4 እና ከ5 ዓመት በኋላ ቆርጠው ያከስሉታል፤ መሬቱን አርሰው ይዘሩበታል፤ ከዚያም ተመልሰው ችግኝ ይተክሉበታል። ዛፉ ናይትሮጂን የሚያሰባስብ በመሆኑ አሲዳማውና የደከመው መሬት ያገግማል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ብዙ ቤት በቆርቆሮ ተከድኖበታል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይኸው ተክል በበሽታ ተመታ፤ አንድ ዓይነት ዛፍ በሰፊው ስለተተከለም በሽታው ከማሳ ማሳ ለመዛመት አልተቸገረም። ይህ በኋላ ስለ ውኃ ስንነጋገር ተመልሶ የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ የቆመ ሀብት፣ ምንጩ ዛፍም ይሁን ወንዝ፣ የሚወድቀውም በአንድ ጊዜ ነው።

በዚህ መሐል ርካሹና ፈጣኑ እርምጃ አዲስ ምንጭ መፈለግ ሳይሆን ያለውን አለማባከን ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ወደ ምጣዱ የሚደርሰው ሙቀት ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚሠራውና «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ዙሪያውን ገጥሞ ነበልባሉን ስለሚይዝ የእንጨቱን ፍጆታ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ምናልባት ችግሩም ይኸው ነው።

የጣና ሒሳብ

ከምድጃው ወደ ሶኬቱ እንሻገር። ወደ ጎንደር ከሚደርሱት የኃይል ምንጮች አንዱና ለእኛ ቅርቡ ጣና በለስ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግድቡ ጣና ራሱ ነው። ውኃው ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ በዋሻ ተወስዶ ወደ በለስ ሸለቆ 310 ሜትር ገደማ ይወረወራል።

ይህን ቁጥር በቤት ቋንቋ ልንተረጉመው እንችላለን። 1 ሜትር ኪዩብ ውኃ፣ ማለትም አምስት በርሜል፣ ከዚያ ከፍታ ወርዶ ተርባይኑን ሲያዞር የሚሰጠው ኃይል፣ በማሽኑ ውስጥ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ሦስት ሩብ ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ እትዬ ለአንድ ሰዓት ሲጋግሩ፣ በሽቦው መንገድ ላይ የሚጠፋውን ሳንቆጥር፣ ከ20 በርሜል በላይ የጣና ውኃ ለእርሳቸው ምጣድ ብቻ ወርዷል ማለት ነው። ቧንቧቸው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሒሳብ ትንሽ ያስቃል፤ ውኃው በቧንቧ ባይመጣም በሽቦ ይመጣል።

ጣና ሰፊ ስለሆነ የማይጎድል ይመስላል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ የሐይቁ ወለል በ1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል 30 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ወጣ ማለት ነው፤ ይህም በበለስ በኩል ከ22 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጎተራ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ሆኖም ሐይቁ የሚንቀሳቀስበት ልክ ጠባብ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ባለው ውስጥ ተወስኗል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው በባሕር ዳር በኩል ያለው የጨራ ጨራ ግድብ ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ በማነሱና የሚለቀቀው ውኃ በመብዛቱ ሐይቁ በጣም ወርዶ፣ ጀልባዎች ከወደባቸው መነሳት እስኪያቅታቸው ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በአገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆነ። ጎርጎራ የሚኖር ዓሣ አስጋሪ የኃይል ፖሊሲ ሰነድ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ጭቃው ከታንኳው ምን ያህል እንደራቀ አይቶ የዓመቱን ሒሳብ ያውቃል።

ጣና ለተርባይን ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ከሐይቁ የሚቀዳ ደንበኛ ብዙ ነው፦ ዓሣ አስጋሪው፣ ጀልባው፣ በደንቢያና በፎገራ ሜዳ ሽንኩርትና ሩዝ የሚያለማው ገበሬ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ገቢ የሚያገኘው የአካባቢው ሰው። ውኃው ወደ በለስ ሲዞር ፏፏቴው በበጋ ወራት እንደ ድሮው አይንጎደጎድም። ይህን ስጽፍ ጣቢያው መሠራት አልነበረበትም ለማለት አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፣ የታዳሽ ኃይል አስተዳደር ማለት በመሠረቱ ከአንድ እንስራ የሚጠጡ ብዙ ሰዎችን ተራ ማስያዝ እንደሆነ ነው፤ ተራውን የሚያስይዘው አካል ደግሞ ከደንበኞቹ አንዱ ብቻ ከሆነ ፍርዱ ያጋድላል።

ሐይቁ ከፍተኛ ልኩ ላይ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝቅተኛው ላይ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ነው። የሌሎች ግድቦቻችንም የቀን መቁጠሪያ ከዚሁ ብዙም አይርቅም፤ ሁሉም የሚሞሉት በአንድ ክረምት ነው። ክረምቱ ሲደክም ሁሉም አብረው ይደክማሉ። የሕዳሴ ግድብ ግዙፍ ጎተራ በመሆኑ አንድን ክፉ ዓመት የመሻገር አቅም ሰጥቶናል፤ ነገር ግን የዲከረንሱ ታሪክ እዚህም ይሠራል፤ ከ90 በመቶ በላይ በአንድ ዝናብ ላይ የተመሠረተ መረብ ዕጣው በደመና እጅ ነው።

ፀሐይ በበጋ፣ ውኃ በክረምት

ጎንደር በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀትር ልክ ከአናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ስለሚጋርደው አናየውም፤ የሚያዝያው ግን ጥላ ያጠፋል። በበጋ ወራት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ከ2,100 ሜትር በላይ ያለው ከፍታችን ደግሞ የሚያሳስበንን ብርድ በጥቅም ይክሰናል፤ የፀሐይ ፓኔል ሲሞቅ ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ በጠራ ሰማይና በቀዝቃዛ አየር ጎንደር ላይ የተሰቀለ ፓኔል መተማ ቆላ ላይ ከተሰቀለው የተሻለ ይሠራል።

ዋናው ነገር ግን መጠኑ ሳይሆን ወሩ ነው። ፀሐይ የምትበረታው ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ማለትም ሐይቁና ግድቦቹ እየጎደሉ በሚሄዱበት ጊዜ ነው፤ የምትደክመው በሐምሌና በነሐሴ፣ ውኃው በሚሞላበት ጊዜ ነው። እንዲህ ተደጋግፈው የተሠሩ ሁለት ምንጮች ያሉት አገር አንዱን ብቻ ሲጠቀም ማየት፣ ሁለት በሬ ኖሮት በአንድ በሬ የሚያርስን ገበሬ እንደማየት ነው። በበጋ ቀን ከፀሐይ የተገኘው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ያን ያህል ውኃ በግድቡ ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ውኃ ይለቀቃል። ግድቡ በዚህ አኳኋን ያለ ተጨማሪ ወጪ የፀሐይ ባትሪ ሆነ ማለት ነው። ስለ ባትሪ ውድነት ብዙ ይወራል፤ ትልቁን ባትሪ ግን ሠርተን ጨርሰናል።

ጎንደር ይህን ዓይነት አስተዳደር ከጥንት ታውቀዋለች። የጥምቀት በዓል የሚከበርበት የዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ነው። ቀሃ በጥር ቀጭን ነው፤ በዋዜማው ብቻ ቢከፈት ታቦት ወርዶ ሕዝብ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ውኃው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ቀጭን ፍሰትም ጊዜ ከተሰጠውና ማጠራቀሚያ ካለው ለትልቅ ቀን ይበቃል።

በቤት ደረጃ ግን የፀሐይን ልክ አለማጋነን ያስፈልጋል። 400 ዋት የሆነ አንድ ፓኔል በጥሩ የበጋ ቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ይህ ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለቴሌቪዥንና ለትንሽ ማቀዝቀዣ የሚያመች ነው፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ ግን 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚፈለግ ሦስት ፓኔሎች ቀኑን ሙሉ የሰበሰቡትን ምጣዱ በአንድ ጊዜ ይበላዋል። በሱቅ «ሁሉን ያደርጋል» ተብሎ የተሸጠለት ሶላር ምጣድ አልሸከም ሲለው የተጣላ ሰው አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የፀሐይ ሳይሆን የሒሳቡ ነበር።

ፀሐይ ሙሉ ጉልበቷን የምታሳየው በመስኖ ላይ ነው። በደንቢያ ሜዳ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ በመሆኑ ገበሬው ጉድጓድ ቆፍሮ በሞተር ይስባል፤ ነገር ግን ናፍጣና ቤንዚን በጀሪካን ፍለጋ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ዋጋውም ከማደያው ውጭ ስንት እንደሚደርስ የታወቀ ነው። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም። ፀሐይ ስትበረታ ተክሉም ይጠማል፣ ፓምፑም ይበረታል፤ የተረፈው ውኃ ከፍ ካለ ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ማታ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ጎተራው ፕላስቲክ ታንከር ነው፤ ለመጠገን መሐንዲስ አይጠይቅም።

ጥገናን ካነሳሁ አይቀር፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ኬላ ያየሁትን ልጥቀስ። ጣሪያው ላይ ሁለት ፓኔሎች ተሰቅለዋል፤ አቧራው ከመብዛቱ የተነሳ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል፤ ከጎኑ የበቀለው ባሕር ዛፍ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አንደኛውን ፓኔል ሙሉ በሙሉ ያጠላበታል። ታች ክፍሉ ውስጥ ያሉት ባትሪዎች የባትሪ ውኃ የሚጨምርላቸው ጠፍቶ ደርቀዋል። የመድኃኒት ማቀዝቀዣው እንደ ቁም ሳጥን የወረቀት ማስቀመጫ ሆኗል። ሠራተኛዋን ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ያስገቡት ሰዎች ካስረከቡ በኋላ ማንም ተረካቢ ነኝ ብሎ አያውቅም አለችኝ። ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል፤ የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ግን በደንብ ተይዞም ከጥቂት ዓመታት አያልፍም፤ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ለምርቃቱ በጀት ሲያዝ ለሁለተኛው ባትሪ በጀት ካልተያዘ፣ የተተከለው የፀሐይ ኃይል ሳይሆን የጥቂት ዓመት ፎቶግራፍ ነው።

ስለ ነፋስ አጭር ነገር ብቻ እላለሁ። በአዳማና በአሸጎዳ ያሉት የነፋስ ጣቢያዎች እንዳሳዩት፣ ነፋሳችንም እንደ ፀሐይ በበጋ ስለሚበረታ ከውኃ ጋር ይደጋገፋል። ነገር ግን የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ትንሽ የቦታ ስሕተት ትልቅ ኪሳራ ነው፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ነፋስ ያነሰ ይሰጣል። ተራራ ላይ ነፋስ አለ ብሎ ማማ ከመትከል በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት መለካት ግድ ነው።

ባዮጋዝም በወረቀት ላይ ለጎንደር ገጠር የተፈጠረ ይመስላል፤ ከብት አለ፣ እበት አለ፣ ከጋዙ የሚተርፈው ዝቃጭም ከተቃጠለው ኩበት በተቃራኒ ለማሳው ምርጥ ማዳበሪያ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ፕሮግራም የአማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች ተስፋፍቷል። ለ6 ሜትር ኪዩብ ጉድጓድ ግን በየቀኑ 40 ኪሎ ግራም ገደማ እበትና ተመጣጣኝ ውኃ ማለትም ሁለት ጀሪካን ይፈለጋል፤ ውኃውን የምትቀዳው ማን እንደሆነች መጠየቅ ተገቢ ነው። በዳባትና በደባርቅ ብርድ ተሕዋስያኑ ስለሚፈዙ ጋዙ ይቀንሳል። የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃም ወጥና ቡና ያፈላል እንጂ እንጀራ ለመጋገር አቅም ያጥረዋል፤ ስለዚህ እንጨቱ ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ከጣና ሰሜን ዳርቻ የሚነቀለውን እምቦጭ ወደ ባዮጋዝ የመለወጥ ሐሳብም ደጋግሞ ይነሳል። ይሠራል፤ ነገር ግን እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ በመኪና ጭኖ ሩቅ መውሰድ ውኃ ማመላለስ ነው። ከተሠራ ጉድጓዱ ሐይቁ ዳር መሆን አለበት።

መስመሩና ሰዓቱ

ከባሕር ዳር የሚነሳ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በጎንደርና በሸኸዲ አልፎ በመተማ በኩል እስከ ሱዳን ገዳሪፍ ይሄዳል። ኃይል ወደ ውጭ መሸጥ ተገቢ ነው፤ ምንዛሪ ያስገኛል። በዚያ ማማ ሥር ከብቱን የሚያግድ ልጅ ማታ በኩራዝ ሲያጠና ግን ለምን የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም ቴክኒካዊ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅን ለአንድ መንደር ዝቅ የሚያደርግ ማከፋፈያ ጣቢያ ውድ ነው፤ በአገሪቱ እጥረት ያለውም ከማመንጫው ይልቅ በዚህ የመጨረሻው መንገድ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2017 ዓ.ም. ሁሉም ዜጋ መብራት እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው ከዋናው መረብ፣ 35 በመቶው ከመረቡ ውጭ ካሉ እንደ ፀሐይ ያሉ አማራጮች እንዲሆን አቅዶ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ገና በጨለማ ነው።

በከተማው ውስጥም የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ የኃይሉ መጠን ሳይሆን የመጨረሻው ትራንስፎርመርና ሰዓቱ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት በአንድ ሠፈር ሃምሳ ምጣድ አብሮ ሲጣድ፣ ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል፣ መብራቱ ይደክማል፣ አንዳንዴም ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ (ፌዝ የሚባለው) ይሄዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚከተለው የቮልቴጁን ካሬ ነው። እንጀራው ይዘገያል፣ ምጣዱ ረዘም ላለ ሰዓት ይበራል፣ ረዘም ላለ ሰዓት በመብራቱም ትራንስፎርመሩን ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ያለው የቤት ታሪፍ ብዙ የተጠቀመ ብዙ እንዲከፍል ያደርጋል፤ መቼ እንደተጠቀመ ግን አይጠይቅም። ለቤት ደንበኛ ቀን በርካሽ፣ ምሽት በውድ የሚሸጥበት አሠራር ቢኖር፣ ምጣዱ ራሱ ወደ ቀትር ይሄድ ነበር፤ ፀሐይ ወደምትበረታበት ሰዓት ማለት ነው።

እትዬ ታሪፉን አልጠበቁም። ከጥቂት ወራት ወዲህ የሚጋግሩት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቱ ከሥራ ሳይገባ ነው። ሰላሳ እንጀራ ቀን ለመጋገር የሚፈጀው ሰዓት ማታ ከሚፈጀው እንደሚያንስ በራሳቸው ዓይን አይተዋል። ሊጡን የሚያቦኩትም በዚያ ሰዓት እንዲደርስ ቀኑን አስልተው ነው። ኩበቱ ከጭቃው ምድጃ ሥር አሁንም አለ፤ ባለፈው ሳምንት ግን ዶሮ እንቁላል ጥላበት አገኙ።